መጽሐፏ ውስጥ ያልነበረው ስም

ባለፈው እሑድ ከልጄ ጋር ቴሌቪዥን ስናይ፣ ሁለት ቀልደኞች አንዲት የሽልማት ሐውልት አብረው ይዘው፣ እየተጋፉና እየተሳሳቁ ሲያመሰግኑ ድንገት እንባዬ መጣ። ልጄ ደንግጣ፣ "ማም፣ አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። "ሳቃቸው ነው" አልኳት። ሳቃቸው ግን አልነበረም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ከምኖርበት ከሊንደን ሁለት አውቶቡስ እየቀያየርኩ ጀርመን ቪሌጅ በሚባል ሰፈር የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እየተንከባከብኩ እሠራ ነበር። ሂልዳ ይባላሉ። ዓይናቸው ከጥላ በቀር አያይም፤ ግራ ጎናቸውም አይታዘዝላቸውም። ሰው ሁሉ "ሚስ ሂልዳ" ይላቸዋል፤ እኔ ግን "እትዬ" አልኳቸው፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት። አብረዋቸው የሚኖሩት ታናሽ ወንድማቸው ጋሼ ኦቶ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቤት ውስጥ እንኳ ከረባት የማይፈቱ።

እህትና ወንድም በወጣትነታቸው በጀርመን ቴሌቪዥን ሰው ያስቁ ነበር። ቀልዱን የሚጽፉት እትዬ ሂልዳ ነበሩ፤ ሁለቱም ይጫወቱታል። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ቀይ ጎመን በፖምና በኮምጣጤ እንዴት እንደሚቀቀል እያስረዱኝ። ለምን እንዳቆሙ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ የሰፈሩ የጡብ መንገድ ቢጫ ለብሶ ሳለ፣ ከጀርመን አንዲት ቀጭን መጽሐፍ በፖስታ መጣች። የቴሌቪዥን አዝናኞች ሽልማት ታሪክ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ኦቶ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ለእህታቸው በጀርመንኛ አነበቡላቸው፤ ለእኔም በእንግሊዝኛ ጣል ያደርጉልኛል። ሽልማቱ ቴሌቪዥን በየቤቱ ሳይገባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ እንደተጀመረ፤ መጀመሪያ ዘፋኞች፣ ኋላም ፕሮግራም መሪዎችና ቀልደኞች እንደተሸለሙ፤ በደንቡ በየዓመቱ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ እንደነበረ፤ አብረው የሚሠሩ ሰዎች አብረው መሸለም የጀመሩት ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደሆነ። ከዚያ እሳቸው የተሸለሙበት ዓመት ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "የዚያ ዓመት ተሸላሚ ኦቶ ነው፤ ቀልዱን ሁሉ የጻፈችው ግን እህቱ ሂልዳ ናት" አሉ።

እትዬ ሂልዳ ፊታቸው በራ። "እስኪ ድገመው" አሉ። ደገሙላቸው።

በማግሥቱ ጋሼ ኦቶ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እትዬ ሂልዳ መጽሐፏን አስመጡኝ። "ስሜ ያለበት ላይ ጣቴን አሳርፊልኝ" አሉኝ።

ጀርመንኛ ባላውቅም ፊደሉን አነባለሁ። ገጹን አገኘሁት። ጋሼ ኦቶ ወጣት ሆነው፣ ሐውልቱን ብቻቸውን ይዘው። ከሥሩ የእሳቸው ስም። ላይ ታች ፈለግሁ። ሂልዳ የሚል የለም።

የትኛውም መስመር ላይ ባሳርፍላቸው አያዩም ነበር። እኔ ግን ያኔ ውሸት ያንገሸግሸኛል፤ እውነት መናገር በራሱ ደግነት ይመስለኝ ነበር።

"የለም፣ እትዬ።"

"ሽልማቱን ሲቀበል መድረክ ላይም ስሜን አላነሳም። 'ደንግጬ ረሳሁ' አለኝ። ያን ጊዜ ነው ትቼው ወደዚህ አገር የመጣሁት። ተከትሎኝ ሲመጣ ሁለታችንም አርጅተን ነበር" አሉ። ቀጥለውም፣ "እንዳወቅሁ እንዳትነግሪው።"

ከዚያ ወዲህ ወንድማቸውን በየቀኑ ያስነብቧቸው ጀመር። ጋሼ ኦቶም እየደፈሩ ሄዱ፤ አንድ ቀን አዳራሹ በሙሉ ለሂልዳ ቆሞ አጨበጨበ ይላሉ፣ ሌላ ቀን ደግሞ አበባ አበረከተላት ይላሉ። እትዬ ሂልዳ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እንደዚያች እንደ መጀመሪያዋ ቀን ፊታቸው ሲበራ ግን አላየሁም።

በጥር በረዶ ቀበርናቸው። ከቀብር መልስ ጋሼ ኦቶ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"አምናኝ ነበር?" አሉኝ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ፊቴን አዩና አንገታቸውን ደፉ። "እያወቀች ነዋ የምታስነብበኝ" አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ዛሬ እትዬ ሂልዳ ያኔ ከነበሩበት ዕድሜ ብዙም አልርቅም። እውነቱ ሊነገራቸው ይገባ ነበር ብዬ ራሴን የማጽናናበት ቀን አለ። ግን ያን ቀን መጽሐፏን ያስመጡኝ ወንድማቸውን ጠርጥረው ነበር? ወይስ አምነውት፣ ስማቸውን በጣታቸው መዳሰስ ብቻ አምሯቸው? አልጠየቅኳቸውም። አምነውት ከነበረ፣ ያን ሁሉ ዘመን የጠበቁት ደስታ አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደረው፤ የነጠቅኳቸውም እኔ ነኝ።