ቆሮሶ ያለቀበት ግድብ

ይህ ጉዳይ ሰባ ሺህ ብርና የስምንት ዓመት ደንበኛ በልቶብኛል። ብሩ ይቅር፤ ብር ሄዶ ይመጣል። የሚያበግነኝ ከኪሴ ከፍዬ ራሴን ማክሰሬ ነው።

ከሰበታ ወዲያ ካለ አንድ ትንሽ ግድብ ዓሣ እየገዛሁ ለቡራዩና ለሱሉልታ ምግብ ቤቶች አቀርብ ነበር። ዋናዋ ደንበኛዬ ሱሉልታ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት። በጾም የምትፈልገው ቆሮሶ ብቻ ነው፤ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ ሙሉውን የሚጠበሰውን። እሷ ካዘዘችኝ የሁዳዴ ገበያዬ ሞላ ማለት ነው።

ቆሮሶው ግን ከዓመት ዓመት አነሰ። ትልልቁን ሁላችንም አውጥተን ስንጨርስ፣ የመረቡን ዓይን አጥብበን ትንንሹን ጀመርን። እኔ ብልጥ ነኝ ባይ፣ ሌላ ዓሣ ቢጨመርበትስ አልኩ። ዱባ የሚባለው ዓሣ ቶሎ ይወፍራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰበታ ኩሬ ካላቸው ሰዎች ጫጩቱን ገዝቼ፣ በጀሪካን ሞልቼ፣ ባጃጅ ተኮናትሬ ወሰድኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም።

ዳር ላይ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ጎንበስ ብለው ጀሪካኑን አዩት። ግድቡ ሲሠራ ጀምሮ እዚያው ናቸው።

"ይሄ ሥር ቆፋሪ ነው፤ ሣሩን ይጨርሰዋል" አሉኝ።

"ኦቦ፣ ዓሣ እኮ ነው! ከብት አስመሰሉት።"

"ከብትማ ቢሆን ምን ቸገረኝ፤ አስረው ነበር። መጀመሪያ እዚህ ቢልጫ ነበር፣ የወንዙ ዓሣ። ግድቡ መንገዱን ዘጋበትና አለቀ። ቆሮሶ አምጥተው ጨመሩ። አሁን ደግሞ አንተ መጣህ።"

"እኔ ልጨምር እንጂ ልቀንስ አልመጣሁም።"

"ኤዬ፣ ሁሉም እንዲያ ይላል።"

ጀሪካኑን ግድቡ ውስጥ ገለበጥኩት።

በመጀመሪያው ዓመት ዱባው እንደ ሙክት ወፈረ። ደስ ብሎኝ ትልቅ ፍሪዘር ገዛሁ። በሁለተኛው ዓመት ውሃው ሻይ በወተት መሰለ። ዱባው ምግቡን ፍለጋ ጭቃውን ሲያምስ ይውላል፣ ሲያምስ ያድራል፤ የዳሩ ሣር ተነቅሎ ተንሳፈፈ። የቆሮሶ ጫጩት የሚደበቀው ደግሞ እዚያ ሣር ውስጥ ነበር። ድፍርስ ውሃ የማይከብደው፣ ሌላ ዓሣ የሚበላው አምባዛ በዛና መደበቂያ ያጡትን ለቀማቸው።

ሁዳዴ ሲገባ ለሱሉልታዋ ቆሮሶ አጣሁና ዱባውን ቆራርጬ ላክሁላት። በሦስተኛው ቀን ደወለች።

"አንተ፣ ዓሣ ነው ወይስ መርፌ የላክህልኝ? አንድ ተመጋቢ ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበት ጤና ጣቢያ ወስደነዋል!"

"እሾህ የሌለው ዓሣ የት አለ፣ እናቴ?"

"የቆሮሶው እሾህ ቦታው ይታወቃል። ይሄኛው ሥጋው ውስጥ ተበትኗል። ቆሮሶ አለህ ወይስ የለህም?"

"ያለኝ ዱባ ብቻ ነው።"

"በቃ፣ ከዝዋይ የሚያመጣልኝ አግኝቻለሁ" ብላ ዘጋችው።

ፍሪዘሩን በግማሽ ዋጋ ሸጬ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ዱባውን አጥምደን ብንጨርሰው ቆሮሶው ይመለስ እንደሆን ጠየቅኋቸው።

"ውሃውን ማን ያጠራልሃል?" አሉ። መረባቸውን ግን አዋሱኝ።

አንድ ወር ሙሉ አብረን ጣልን። ባወጣን ቁጥር ያው ነው። በመጨረሻው ቀን ከመረቡ የወጣው፦ ዱባ አርባ አንድ፣ አምባዛ ስድስት፣ ቆሮሶ የለም።