የልብስ ሰፊው ቅናትና የሰዓት ሠሪው ኮት

ልብስ ሰፊው በሕይወቱ የደንበኛ ልክ ጽፎ አያውቅም። ሜትሩን አንዴ ትከሻና ወገብ ላይ ካሳለፈ በቃ፣ ልኩ ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀመጣል። በሰፈሩ የማን ሆድ እንደገፋ፣ የማን እንደጎደለ ከሐኪም በፊት የሚያውቀው እሱ ነበር።

ይኸው ጭንቅላት ነው ጉድ የሠራው። የረጅሙን ሾፌር ሱሪ በአጭሩ ዳቦ ጋጋሪ ልክ፣ የጋጋሪውን ደግሞ በሾፌሩ ልክ ሰፍቶ አረፈው። ሾፌሩ ጉልበቱ ላይ የቀረ ሱሪ ለብሶ፣ ጋጋሪው የሱን እስከ ብብቱ ስቦ መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ አውቶቡስ እንኳ ለመሳቅ የቆመ መሰለ።

አብራው የምትሠራው ልጁ ግን አልሳቀችም። «አባዬ፣ አንድ ጊዜ እንዲህ ከደገምክ መቀሱን እኔ እይዛለሁ። አንተ ቁልፍ ትተክላለህ።»

ቁልፍ! ዕድሜ ልኩን ኮት ሲቆርጥ ለኖረ ሰው!

ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ወጣቷ ሐኪም ደም ግፊቱን ለክታ ራሷን ነቀነቀች። «አባባ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፣ ሲጋራውን ይተዉት፣ ይራመዱ፣ በደንብ ይተኙ፣ ከሰው ይጫወቱ፣ አዲስ ነገር ይማሩ። ዋስትና የሚሰጥዎት የለም፤ ግን የመርሳት በሽታ የሚመጣበትን ዕድል ይቀንሳል።»

በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ሊወጣ ሲል ሚስቱ ጣልቃ ገባች። «ይኸን ሁሉማ ሰዓት ሠሪው ያደርገው የለ!»

አበቃ። ሆዱ ውስጥ እሳት ተለኮሰ።

ሰዓት ሠሪው ከሱቁ ፊት ለፊት ነው። በዕድሜ ይበልጠዋል፣ ሚስቱ ሞታለች፣ ጀርባው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ በስሙ ይጠራል። ይባስ ብሎ ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ሴቶች አስከትሎ ዳገቱን ይወጣል፤ የልብስ ሰፊው ሚስት ደግሞ ከፊት ናት።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ጫማውን አሰረ። «ለጤናዬ ነው» አለ፤ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ምሰሶ እየተሸሸገ ተከተላቸው። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ግን የሲጋራ ሳሉ አጋለጠው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምሰሶ ደገፍክ ወይስ ምሰሶው አንተን ደገፈ?» አለች ሚስቱ። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

ሲጋራውን ያን ቀን ተወ፤ የሚያስል ሰላይ አይረባም ብሎ። መድኃኒቱንም መዋጥ ጀመረ፤ ዳገት ላይ ራሱን ቢያዞረው ሰዓት ሠሪው ሊስቅበት አይደል! ሰዓት ሠሪው ማታ ማታ ዳማ ስለሚጫወት ዳማ ተማረ። ሰውየው ምን እንዳለ፣ ለማን እንደሳቀ ለማወቅ ሲል ከዓመታት ወዲህ ያላናገራቸውን ጎረቤቶች ሁሉ አዋራ። ማታ ድካሙ ስለሚጥለው እንደ ሕፃን ተኛ። ወራት እንዲህ አለፉ።

አንድ ቀን ሰዓት ሠሪው ራሱ ልብስ ሰፊው ሱቅ ገባ። «ወንድሜ፣ የልጅ ልጄ ልትመረቅ ነው። የሚያምር ኮት ስፋልኝ።»

ልጁ እጇን አጣምራ አባቷን ልታይ ቆመች። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንዴ ብቻ አሳለፈ። ጨርቁ ፊት ሲቆም ሰይጣን ሹክ አለው፤ አንዱን እጅጌ በአራት ጣት አሳጥረው! ሴቶቹ ሁሉ ይሳቁበት! መቀሱን ከፈተ፣ ልጁን አየ፣ ቁልፎቹን አየ፣ ጥርሱን ነክሶ በልኩ ቆረጠ።

ኮቱ ሰውየው ላይ የፈሰሰ መሰለ። አንዲት የምትታረም ክር አልነበረችበትም። ልጁ ሳቅ አለችና «መቀሱ ያንተ ነው፣ አባዬ» አለችው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሚስቱ ከበር ላይ ጮኸች፦

«ውይ! በሞቴ፣ ሃያ ዓመት ቀነሱ እኮ! ሲያምርብዎት!»

ልብስ ሰፊው ፊቱ ካውያ ሆነ። ሰውየው እንደወጣ ለራሱ ኮት ሊቆርጥ ጨርቅ አወረደ። የሰፈሩን ልክ ሁሉ ያውቃል፤ የራሱን ግን ለክቶት አያውቅም።

«ነይ፣ ወገቤን ለኪልኝ» አላት ሚስቱን።

«ቀንሰሃል እኮ! ይኸው፣ እየው።»

ሜትሩን አየ። የሰዓት ሠሪውን ወገብ ከጭንቅላቱ አወጣና አስተያየ። እዚያ ለመድረስ ገና ሁለት ጣት ይቀረዋል።

«ነገ ቀደም ብለሽ ቀስቅሺኝ» አላት።