ብርቱካናማው ቶብ

ባሌ ስኳር አለበት። የከተማችን የገንዳ ውሃ ሙቀት መድኃኒት ስለሚያበላሽ ኢንሱሊኑን እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ ገንቦ ውስጥ አኖረዋለሁ፤ በየጠዋቱ የምወጋውም እኔ ነኝ። ከመርፌው ሌላ ከተነካካን ቆይተናል።

አንድ ቀን ከሰሊጥ አጨዳ ሳልታሰብ ስመለስ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ብርቱካናማ ቶብ ለብሶ መስታወት ፊት ቆሞ አገኘሁት። ቶቡን ቀደም ብዬ ሳጥን ውስጥ አይቼው ለሌላ ሴት የገዛው መስሎኝ ነበር። ምነው እንደዚያ በሆነ፤ ከሴት ጋር መጣላት አያቅተኝም። ጮህኩበት። እሱ አጣጥፎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው። «በሽተኛ ጥላ ሄደች» እንዳልባል ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ እሱ የሚለብሰውን ቶብ እኔው አጥባለሁ፤ የኔ እንዲመስልም ከቀሚሶቼ መሃል አሰጣዋለሁ። ጎረቤቴ አይታው፣ «ይህን የመሰለ ቶብ እያለሽ ለልጄ ሰርግ አሮጌ ቀሚስ ለብሰሽ እንዳትመጪ» አለችኝ። እምቢ ብል ትጠረጥራለች ብዬ የሰርጉ ቀን ለበስኩት።

ባሌ የእግሩ ቁስል ብሶበት ተኝቶ ነበር። ሲያየኝ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። በትዳራችን ሙሉ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። ፊቴ ጋለ፤ እንደ ሙሽራ ቆምኩለት።

«ወጥ እንዳይነካው፣ አደራ» አለኝ።