እናቴ ገመዱን ስለያዘችላቸው

የወጣሁ ዕለት ማታ ጀፎሩ በሰው ተሞልቶ ነበር። ጉራጌ ያልሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ ጀፎር ማለት በመንደራችን ቤቶች ፊት ለፊት የሚያልፍ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ ሠርግ ይጨፈርበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ የሁላችንም ነው። ከመንደሩ ዲቪ የደረሰኝ የመጀመሪያዋ እኔ ስለነበርኩ መራቂውም አዛዡም በዛብኝ። አንዱ ጫማ፣ ሌላው ስልክ፣ አንድ አጎቴ ደግሞ ትራክተር ላኪልኝ አለኝ፤ ሳቄን ዋጥኩ። እናቴ ግን ምንም አላዘዘችኝም። መኪናው ሊነሳ ሲል አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ "ሸምሲያ፣ ሥራ ስትይዢ ወስደሽ ታሳዪኛለሽ" አለችኝ። አባቴ ሞቷል፣ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። እወስድሻለሁ ብዬ ማልኩላት።

ሲያትል ገባሁ። የሲያትል ዝናብ እንደኛ ክረምት አይደለም። የኛው ዶፉን ያወርድና ያባራል፣ ከዚያ ፀሐይ ይወጣል። የዚህኛው ግን ኩርፊያ እንደያዛት ምራት ነው፤ አያለቅስም፣ አይስቅም፣ ቀኑን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ይውላል። ስካይዌይ የሚባል ሰፈር አንድ ቤዝመንት ተከራየሁ፤ በመስኮቱ የሚታየኝ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ነበር። አገባሁ፣ ልጄን ሂክማን ወለድኩ፣ ትዳሩ አልቆየም። ቆጮ ሲያምረኝ ሱቅ ሄጄ ከፍሪዘር የወጣ እንደ ድንጋይ የደረቀ እገዛለሁ። ዋናው ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። የሰው እናት እያጠብኩ የራሴን በስልክ እጦራለሁ፤ ይህ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

እናትን ለማምጣት ግሪን ካርድ አይበቃም፣ ሲቲዝን መሆን ያስፈልጋል። ጊዜዬ ደርሶ ለዜግነት ፈተናው ልዘጋጅ ስል ነው ከአገር ቤት ወሬው የመጣው። አጠገባችን ያለው ከተማ ሰፍቶ ሰፍቶ መንደራችን ደረሰ።

እማ በስልክ የነገረችኝ እንደ ተራ ነገር ነበር። "ከማዘጋጃ ቤት ልጆች መጡ፣ ችካልና ገመድ ይዘው። ፀሐዩ ፈጅቷቸው አሳዘኑኝ። ቆጮና ጎመን በአይብ አቀረብኩላቸው። አንደኛው ደግሞ የገመዱን ጫፍ የሚይዝለት አጥቶ ወዲህ ወዲያ ሲል ያዝኩለት።"

"እማ! ለምን ያዝሽ?"

"እንግዳ ሲለፋ ቆሜ ልየው እንዴ?"

በእኛ ዘንድ ወንድማማቾች መሬት ሲካፈሉ ገመዱን የያዘ ተስማማ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። እሷ ግን የእንግዳ ነገር ሆኖባት ይህ ትዝም አላላት። ከሳምንታት በኋላ እንሰቷን ሊነቅሉ ሲመጡ ጮኸች፣ ሽማግሌ ይዛ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ኃላፊው፣ "እማማ፣ እርስዎ እኮ ምሳ አብልተው፣ ገመድ ይዘው አስለክተዋል። ሽማግሌዎቹም ወጉን ያውቁታል" አላቸው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

የፈተናው ትምህርት የሚሰጠው ቢከን ሂል፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የምታስተምረን ጡረታ የወጣች ፈረንጅ ናት። አጠገቤ የሚቀመጡት ጋሽ ኃይሌ የሚባሉ የፓርኪንግ ሠራተኛ ናቸው፤ ሁሉን ካልጠየቁ አይሆንላቸውም። አንድ ቅዳሜ ስለ ሉዊዚያና ተማርን። የፈረንሳዩ ገዥ ለጦርነቱ ገንዘብ ስላስፈለገው ያን ሁሉ አገር ለአሜሪካ ሸጠ፣ አሜሪካ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነች አለችን።

"ሰውዬው አገሩን ሄዶ አይቶታል?" አሉ ጋሽ ኃይሌ።

"አላየውም።"

"እዚያ የሚኖሩት ሰዎችስ ተጠየቁ?"

ቲቸር መነጽሯን አወለቀች። "እሱ ፈተናው ላይ የለም" አለች።

ከዚያ ቀጠለች። ፕሬዚዳንቱ የተገዛውን አገር እያዩና እየለኩ እስከዚህኛው ውቅያኖስ ድረስ የሚሄዱ ሰዎች ላከ። ክረምት ሲይዛቸው የአገሩ ሰዎች እህል ሰጧቸው፣ ተራራው ላይ በረሃብ ሊያልቁ ሲሉ ደግሞ ሌሎች አበሏቸው፣ መንገድ አሳዩዋቸው። ትንሽ ቆይቶ ኮንግረስ ተከራከረ፤ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ሕግ ወጣ፤ በምሥራቅ ያሉት ጎሳዎች በወታደር እየተነዱ ከመሬታቸው ወጡ። ያበሉትም ሰዎች ተራቸው ደረሰ።

"እናቴንም እንዲሁ ነው ያደረጓት!" ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ ሁሉ ዞረ።

ጋሽ ኃይሌ ወደ ውጪ ይዘውኝ ወጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እያለቀስኩ።

"ስሚ ልጄ" አሉኝ። "ይህን ኢሚግሬሽን ቢሮ እንዳትናገሪ። ሉዊዚያና በይና ዝም። ሶ፣ እናትሽን ካመጣሻቸው በኋላ የፈለግሽውን ትናገሪያለሽ።"

ፈታኙ ወጣት ነው፣ ክራባቱ ላይ ሾርባ ፈስሶበታል። እጄን አስነስቶ አስማለኝ።

"መንግሥት ለመገልበጥ ሞክረሽ ታውቂያለሽ?"

"ኧረ የኔ ጌታ፣ ሁለት ሥራ ነው ያለኝ።"

አልሳቀም። ከፈረንሳይ የተገዛው አገር ማን ይባላል አለ፤ ሉዊዚያና አልኩ። አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት እዚህ ማን ይኖር ነበር አለ።

"ኔቲቭ አሜሪካንስ። እንግዶቹን ያበሏቸው እነሱ..."

"አንድ መልስ ይበቃል" አለኝ። "ጉድ ጆብ።"

በዚያ ሁሉ መሐል ዶዘሩ እንሰቱን ገፍቶ ጨርሶ ነበር። የቀረው ቤቱ ብቻ ነው፤ ልቀቂ ብለዋታል።

የዜግነት መሐላውን የፈጸምኩ ቀን ወደ ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም። ፓርክ ያደረግኩበት ሄጄ፣ ሂክማን ከኋላ አስቀምጬ፣ መኪናው ውስጥ ሆኜ ኮል አደረግኩ።

"እማ፣ ሲቲዝን ሆንኩ! አሁን ላመጣሽ እችላለሁ፣ ጉዳዩን ነገውኑ እጀምራለሁ።"

"ማሻ አላህ፣ እንኳን ደስ አለሽ የኔ ልጅ" አለች። ቀጥላም፣ "እኔ ግን አልመጣም" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው? ቤቱን ሊያፈርሱት አይደል እንዴ! የት ልትገቢ?"

"ያፍርሱት። ገመድ ብይዝላቸው ፈቀደች አሉ። አሁን አንቺ ጋ ብመጣ ደግሞ ወዳ ፈቅዳ ለቀቀች፣ አሜሪካ ሄደች ነው የሚሉት። ተሸክመው ያውጡኝ። ሲያወጡኝ ሰው ይየኝ።"

ለመንኳት። ተቆጣሁ። በአላህ አልኳት፣ በአባቴ አልኳት። ይህን ያህል ዓመት የለፋሁት ለማን ነው ብዬ ጮህኩባት።

"ለኔ ነው፣ አውቃለሁ" አለች። "አትቆጪ በይ።"

"ሶ፣ ኢዝ ሺ ካሚንግ?" አለችኝ ሂክማ ከኋላ።

ስልኩን እኔም አልዘጋሁት፣ እናቴም አልዘጋችው፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።