የተናደው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው

ዛሬ ገሳይ ከተማ አጠገብ በማላውቃቸው የቀን ሠራተኞች ላይ እንደ እብድ ጮህኩ።

በግፊት ውሃ ገደሉን እየሸረሸሩ አሸዋና ጠጠር ያወርዳሉ። ለምሳ ውሃውን የሚገፋውን ሞተር አጥፍተው፣ ውሃው በቦረቦረው ገደል ሥር ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል።

"ውጡ ከዚያ!" ስል አንዱ ሳቀ። "አባባ፣ ውሃው ቆሟል እኮ!"

በደርግ ጊዜ አባቴም ለመንገድ ሥራ ታዘው እንዲሁ ጠጠር ያወርዱ ነበር። አንድ ረቡዕ ጓደኛቸው ጋሼ ሰይድ ምሳቸውን ሲፈቱ፣ ጾመኛው አባቴ ገደሉ ሥር ጋደም አሉ።

ጋሼ ሰይድ "ኧረ ውጣ!" ቢሏቸው፣ "ውሃው ቆሟል እኮ" አሉ።

ገደሉ ግን ውሃውን ጠጥቶ ነበር፤ ተናደባቸው። ሬሳቸውን ጋሼ ሰይድ በእጃቸው ቆፍረው አወጡ።

የዛሬዎቹ እብዱን ላለማስከፋት ብለው ወጡልኝ።

እናንተስ፣ የሟች የመጨረሻ ቃል ከማታውቁት ሰው አፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?