ግራው ደካማ ነው

የእህቴን ባል አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ኋላ "ምነው ጨከንሽበት" የሚለኝ እንዳይኖር ነው። ስሙ ጋሽ ገብረአምላክ ይባላል። ከአየር ጤና አደባባይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን እሱ፣ እህቴ አጸደና ልጃቸው ሆሳዕና ትልቁ ቤት ይኖራሉ፤ እኔ ዘመነች ከጀርባ ሰርቪሱ ውስጥ ነኝ። ሰርቪሱ ከሳሎናቸው ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ የሚያየውን ፊልም ሁሉ፣ ወደድኩም ጠላሁም፣ አብሬ እሰማለሁ። ከዓመት ዓመት ድምፁን እየጨመረው ስለሄደ አሁንማ ቃል አያመልጠኝም።

ሥራው ምንድን ነው ብትሉኝ ጡረተኛ ነው። ሙያው ግን ፊልም መናቅ ነው። በሰፈራችን ሰው አንድ ፊልም ቤቱ ወስዶ ከማየቱ በፊት ጋሽ ገብረአምላክ ድምፁንና ምስሉን መርምሮ መፍረድ አለበት። ታሪኩ አይገደውም። ሰውየው ቢሞት፣ ልጅቷ ብታገባ ጉዳዩ አይደለም። እሱ የሚመለከተው ጥቁሩ በደንብ መጥቆሩን፣ የተዋናዩ ከንፈርና ንግግሩ አብረው መሄዳቸውን፣ ድምፁ ከሁለቱም ስፒከር እኩል መምጣቱን ነው።

ይህን ሥልጣን ማን እንደሰጠው ልንገራችሁ። መሐል ከተማ አንድ ሲኒማ ቤት ዕድሜውን ሙሉ ሠርቷል። "እኔ ሲኒማ ቤት ሳለሁ" ብሎ ሲጀምር የሰማው ሁሉ ፊልም አጫዋች የነበረ ይመስለዋል። በር ላይ ቆሞ ትኬት ሲቀድ ነው የኖረው። ያየውም ፊልም መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ በስርቆት ያየው ነው፤ ያውም የዘገየው ሰው ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ፣ ከመሐሉ። እኔ አውቃለሁ፣ እህቴም ታውቃለች። ሰፈሩ አያውቅም፣ ቢያውቅም ደንታው አይደለም። ደፍሮ የሚፈርድለት ከተገኘ ማንነቱን ለመጠየቅ የሚቸገር ሰው የለም።

ምስል የሚመረምርበትን ቴሌቪዥን ብታዩ ደግሞ ትስቃላችሁ። ፋብሪካው ስክሪኑ ላይ የለጠፈው ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተላጠም። እንዳይጫርበት ነው። ላስቲኩ ጠርዝ ጠርዙ ላይ አየር ገብቶበት አረፋ አረፋ ሠርቷል። ጋሽ ገብረአምላክ በዚያ ላስቲክ አጮልቆ "ይህ ፊልም ጭጋግ አለበት" ብሎ ይፈርዳል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ጭጋጉ ከየት እንደመጣ አንድ ቀን ልነግረው ብሞክር ፊቱን ወደ ግራ አዞረብኝ። ሰው ሲያናግረው ልማዱ ነው፤ ፊቱን አዙሮ ግድግዳ ያያል፣ አንተን ከማይ ግድግዳ ልይ እንደማለት።

አየር ጤና ታክሲ ተራው አጠገብ ወንድዬ የሚባል፣ ፊልም በፍላሽ የሚጭን ነጋዴ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ የገቡትን ፊልሞች ይዞ ለምርመራ ይመጣል። አቀማመጣቸው አይለወጥም። ጋሽ ገብረአምላክ ሶፋው ላይ፣ አጸደ በግራው፣ ወንድዬ በቀኙ ዱካ ላይ። ፊልሙ ጥቂት እንደሄደ ጋሽ ገብረአምላክ እጁን ያነሣል።

"አቁመው። ከሲኒማ ቤት በካሜራ የተቀዳ ነው። ሰው ሲያስል አትሰማም?"

"ማስተር ነው፣ ዋናው ቅጂ ነው ብለው ነው የሰጡኝ፣ ጋሼ።"

"ሞኝ ስላገኙ ነዋ።"

ወንድዬም ይህንን እንደ ምርቃት ተቀብሎ ይሄዳል። የተጣለውን ፊልም አይጭንም፤ ያለፈውን "ጋሽ ገብረአምላክ ያዩት ነው" እያለ ይሸጣል።

ከጊዜ በኋላ ግን አንድ ፍርድ ከአፉ አልጠፋ አለ። "ግራው ደካማ ነው።" የውጭ አገሩ ፊልም ግራው ደካማ ነው። ያገራችንም ግራው ደካማ ነው። ስፒከሩ ይሆናል ብሎ አዲስ አስገዛ፤ አሁንም ግራው ደካማ ነው። ወንድዬ ሲቸግረው ጊዜ በኮምፒውተሩ የግራውን ድምፅ ከፍ እያደረገ መጫን ጀመረ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ እስከ አስኮ ድረስ ከወንድዬ ፊልም የሚያስጭን ቤተሰብ ሁሉ ወደ ግራ ያጋደለ ፊልም ሲያይ ከረመ። አንድም ሰው ምነው አላለም። እንዲያውም የወንድዬ ፊልም ድምፁ ለየት ይላል እየተባለ ተወራ። ይህ ነው እንግዲህ ጥራት የሚያውቀው ሕዝባችን።

ለእሱ ያለኝ ንቀት ግን ከፊልም የመጣ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት የእናታችን ሙት ዓመት ደርሶ ጎጃም መውረድ ነበረብን። እህቴ እንደ ወትሮዋ ከጎኑ ተቀምጣ፣ እሱ ፊልም እያየ፣ "ገብሬ፣ ለእማዬ ዓመት አብረኸኝ ትሄዳለህ አይደል?" አለችው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ዝም አላት። ቆየት ብሎ ጣቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስሮ "ይህን ጥቁር ይሉታል፣ ግራጫ ነው እኮ" አለ። ሁለተኛ አልጠየቀችውም። ሁለታችን ብቻ ሄድን። ዘመድ ሁሉ "ባልሽስ?" ሲላት "አሞት ነው" እያለች ስትዋሽለት ሰማሁ። እናቷን ላጣች ሴት አዎም እምቢም ማለት የከበደውን ሰው ከዚያ ወዲህ ሰው ብዬ አልቆጠርኩትም።

አጸደ ቦታዋን አልለቀቀችም። ከጎኑ ትቀመጣለች፣ ግን አታወራም። ድሮ እኮ ፊልም ላይ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች። ሌባውን ከፖሊሱ ቀድማ ታውቀዋለች፤ የተታለለችውን ልጅ "ተይ፣ አትመኚው" እያለች ትመክራለች። እሱም "ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ፊልሙን ልስማበት" ይላት ነበር። አሁን ሁለቱም ዝም ብለው ስክሪኑ ላይ ያፈጣሉ።

ነገሩን ያመጣው የሆሳዕና ሥራ ነው። ልጅቷ የፊልም ድምፅ ማቀናበር ተማረችና የመጀመሪያ ሥራዋን አገኘች። ፊልሙ የቀዳማዊ ነው፤ አስኮ የሚኖር፣ ሲኒማ ቤት ሳያስገባ በቀጥታ ለቤት ተመልካች የሚሸጥ ሰው። በእኛ በኩል የሚሸጥለት ወንድዬ በመሆኑ ፊልሙ የግድ በጋሽ ገብረአምላክ እጅ ማለፍ ነበረበት። አባት የልጁን ሥራ ሰማ። እጁን አነሣ።

"ግራው ደካማ ነው። ልጄ ናት ብዬ አላዳላም።"

ሆሳዕና እንደገና ሠራችው፤ የግራውን ከፍ አደረገች። መልሶ ጣለው። ቀዳማዊ በስልክ፣ እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፣ ስምሽም ከፊልሙ ይወጣል አላት።

ልብስ ላሰጣ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል።

"አክስቴ፣ እኔ አልችልበትም መሰለኝ" አለችኝ። "ሌሊትና ቀን አዳመጥኩት። ምንም አልጎደለውም። አባዬ የሚሰማውን እኔ ካልሰማሁት ሙያው የኔ አይደለም ማለት ነው።"

ደሜ ፈላ። "አባትሽ ምንም አይሰማም፤ እንዲሁ ነው የሚፈርደው" አልኳት። "ስሚኝ። ድምፁን በሙሉ ወደ ግራ አድርጊው። በቀኝ በኩል ምንም እንዳይወጣ። ያን ጊዜም ግራው ደካማ ነው ካለ በሰው ፊት ይዋረዳል፣ ፍርዱም ያበቃል።"

"ነውር አይሆንም?"

"ነውሩ የሱ ነው።"

ቅዳሜ ዕለት ውርደቱ ያለ ምስክር እንዳያልፍ ብዬ ሁለት ጎረቤቶች ጠራሁ። ወንድዬም መጣ፤ ለእሱ አልነገርነውም። ሆሳዕና ፍላሹን ሰክታ አጫወተች። አንዲት እናት ገበያ መሐል ልጇን እየተጣራች ትሮጣለች። ጩኸቱ፣ የሻጩ ወሬ፣ የታክሲው ጥሩንባ፣ ሁሉም በአንድ ወገን ወጣ። የቤቱ ሰው አንገት በሙሉ ወደ ግራው ስፒከር ዞረ። ወንድዬ እንኳን ከዱካው ተነሣ። ጋሽ ገብረአምላክ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አገጩን በእጁ ይዞ፣ ዳኛ መስሎ ተቀመጠ። ከዚያ እጁን አነሣ።

"ከበፊቱ ተሻሽሏል" አለ። "ግን ግራው አሁንም ደካማ ነው።"

ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔ አልሸፈንኩም፣ ጥርሴን አሳይቼ ሳቅሁ። ወንድዬ ግራ ገብቶት ወደ እሱ ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ ድምፁ እኮ በሙሉ በግራ ነው ያለው። በቀኝ ምንም የለም። ምን እየሰሙ ነው?"

ሆሳዕና አልሳቀችም። ፊልሙን አቆመችና በሶፋው ግራ በኩል ዞራ ከእናቷ አጠገብ በርከክ አለች። "አባዬ" አለች፣ በዝግታ። አባቷ ጥቁሩን ስክሪን ያያል። "አባዬ" አለች ደግማ፣ አሁን ወደ ጆሮው ቀርባ። እሱ ዓይኑን ከስክሪኑ አንሥቶ የሚያየው እኔን ነው፣ የምስቀውን። ፀጉሯ ትከሻውን ሲነካው ደነገጠ።

"አንቺ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እየጠራሁህ እኮ ነው።"

እጁ ወደ ግራ ጆሮው ሄደና እዚያው ቀረ። የሚሳቅበት ነገር አለቀ። ጎረቤቶቼ ሥራ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው፤ ወንድዬም ፍላሹን ሳይነቅል ተከተላቸው።

"መጀመሪያ ፊልሞቹ መስለውኝ ነበር" አለ ጋሽ ገብረአምላክ፣ ማንንም ሳያይ። "ቀጥሎ ስፒከሩ መሰለኝ። ኋላ ስልክ በግራ ጆሮዬ ሳነሣ ሰው የለበትም።"

"ታዲያ ስታውቀው ለምን አልተናገርክም?" አልኩት።

"ምን ልበል? ደንቆሮ ድምፅ ይመዝናል ይበሉኝ?"

እግዜር ያሳያችሁ። የጎደለው የራሱ ጆሮ መሆኑን ከሚናገር የዓለምን ፊልም ሁሉ ጎደሎ ማድረግን፣ የልጁን እንጀራ መዝጋትን መረጠ።

አጸደ ከቦታዋ ሆና አንድ ነገር አለች። እኔ ሰማሁ፤ እሱ እንደገና አልሰማም። ያን ጊዜ ተነሣች። ሶፋውን ዞራ ወንድዬ በተወው ዱካ ላይ ተቀመጠች፣ በቀኙ።

"ለእማዬ ዓመት እንድትሄድ ጠይቄህ ነበር" አለችው።

ፊቱ ተለዋወጠ። "አልጠየቅሽኝም። ሻንጣሽን ይዘሽ ከዘመነች ጋር ስትወጪ በመስኮት አየኋችሁ። ለዘመድ የማልታይ፣ የማልረባ ባል አድርጋኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

"ጠይቄህ ነበር፣ ገብሬ።"

"የት ሆነሽ?"

እህቴ በእሱ በግራ በኩል ባዶ የቀረውን ቦታዋን በእጇ አሳየችው። እዚያ የጎደጎደ ትራስ አለ፤ ስንት ዓመት ተቀምጣበታለች። እሱም አየውና አንገቱን ደፋ።

የሆሳዕና ፊልም የመጀመሪያው ቅጂ፣ ያ ምንም ያልጎደለው፣ ከነስሟ ወጣ። ወንድዬም የግራውን ድምፅ ከፍ ማድረግ ተወ። ደንበኞቹ ግን ቅር አላቸው፤ ፊልምህ ዘንድሮ ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ ጥራቱን አበላሸኸው አሉት። ጋሽ ገብረአምላክን ሐኪም ቤት ወስደን የሚያሰማ መሣሪያ ቢገጠምለት ትንሽ አዳምጦ "ድምፁ የቆርቆሮ ነው" ብሎ አስነቀለው። እኔ ይቅርታ አልጠየቅሁትም፣ መናቄንም አልተውኩም፤ የምንቅበትን ምክንያት ነው የቀየርኩት። ላስቲኩም እስካሁን አልተላጠም።

ባለፈው ቅዳሜ ሰርቪሱ ውስጥ ጋደም ብዬ ፊልማቸውን እሰማለሁ። አጸደ አሁን የምትቀመጠው በቀኙ ነው። ሰውየው ባልንጀራውን ሊከዳው ሲል "አላልኩህም፣ ይሄ ሰው ዓይኑ አያምርም" አለች። ከዚያ የእሱ ድምፅ፣ የተቆጣ፣ በግድግዳው አልፎ መጣ።

"ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ፊልሙን ልስማበት።"

ፀጥ አለ። ተቀየመች ብዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። እህቴ ግን ስትስቅ ሰማኋት፤ ስትስቅ ቆየችና ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች።