አልጋ የተገጠመለት ፒካፕ

ጎረቤታችን ያለው ወጣት ሰሞኑን መኪናውን ከፍ እያደረገ ነው። ቢቸና ውስጥ ያልሰማ ሰው ካለ ይገርመኛል፤ ከጠዋት ጀምሮ ባሌስትራ የሚሉትን የመኪና መሸከሚያ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይበይዳል፣ ይሞርዳል። አሮጌ ፒካፕ ነች። ጣራዋ ላይ መሰላል፣ ግንባሯ ላይ የመብራት መዓት አስገጥሞላታል። «ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እትዬ፣ መኪና የማይገባበት በረሃ ገብተን ልናድርባት ነው፤ ለመዝናናት» አለኝ። ለመዝናናት። ባለቤቴ አቶ ይበልጣል ደግሞ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራ አገኘሁ ብሎ ጋቢውን ደርቦ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «እሱን አላላው፣ ይህን አጥብቀው» ሲል ይውላል። እኔ ግን ያ መዶሻ ባሌስትራው ላይ ባረፈ ቁጥር ብድግ ብዬ በሩን እዘጋለሁ። ሥራ ፈት ሴትዮ አትበሉኝ፤ ምክንያት አለኝ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሞጣ ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ስልክ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ወሬ የሚሄደው በገበያተኛ አፍ ነው። ይበልጣል የቢቸና ልጅ ቢሆንም ሞጣ ላይ የሰው መኪና እየነዳም እየጠገነም ነበር የሚያስተዳድረን። እኔ ገና የሙሽርነት ቀሚሴ ሳያረጅ አረገዝኩ። የተወለድኩት ከግንደወይን ወደ ዓባይ ቁልቁል በሚወርደው ቆላ ውስጥ ነው፤ እናቴ አባታችን ከሞተ ወዲህ ብቻዋን እዚያው ትኖራለች። ከግንደወይን እስከ እሷ ደጅ ያለው መንገድ የቀበሌው ሰው በዘመቻ የቆፈረው ነው። መንገድ ከተባለ ማለቴ ነው፤ አህያ እንኳ አስባ ነው የምትረግጠው።

በእኛ አገር የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። የልጅቱ ቀን ሲቃረብ እናት ትጠራለች፣ ባል እሺ ብሎ ይሸኛል። ያልጠራች እናት «ምን ያለች አንጀተ ደረቅ ናት» ትባላለች። እምቢ ያለ ባል ደግሞ «ሚስቱን ከእናቷ የነጠለ» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ስሙም ከእሱ አልፎ ለልጆቹ ይተርፋል። ይህን የማያውቅ ሰው ቀጥሎ የምነግረውን ሲሰማ «ሦስት ሰው እንዴት አንድ ላይ ያብዳል?» ይል ይሆናል።

መቼም የከተማ ሚስት ነኝና ሞጣ ሆስፒታል ሄጄ ታየሁ። ሲስተሯ ሆዴን እየዳበሰች ቆየችና ፊቷ ተለወጠ። «ልጁ እግሩን ወደ ታች አድርጎ ነው የተቀመጠው። ሊገለበጥ ይችላል፤ ካልተገለበጠ ግን እቤት እንዳትወልጂ። ምጥ ሲጀምርሽ እዚህ መገኘት አለብሽ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ እህል አልቀምስ አለኝ። በአፌ የማደርገው ነገር ሁሉ አመድ አመድ ይለኛል።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ሰይድ ደጃችን መጡ። ጋሽ ሰይድ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የግንደወይን ገበያ አያመልጣቸውም፤ የእናቴን መልእክት ሁሌም የሚያደርሱልን እሳቸው ነበሩ። «የገንፎው እህል ተፈጭቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል፣ ሙክቱም ታስሯል። ልጄን አምጣልኝ ብለውሃል» አሉት ለይበልጣል። እኔ ጓዳ ሆኜ እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«እሺ ይበሉልኝ» አለ።

ጋሽ ሰይድ ሲወጡ ተያየን። «ምነው እሺ አልክ?» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልበል? አንችስ ለምን ዝም አልሽ?»

«እኔማ ልጇ ነኝ። እምቢ ብል ባሏ ከለከላት ነው የምትለው።»

በማግስቱ ወደ ቢቸና ሄዶ በጭነት መኪና አስጎትቶ አንድ ፒካፕ ይዞ መጣ። አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ የኖረች፣ ጋቢናዋ ውስጥ ዶሮ የፈለፈለችባት አሮጌ ናት። «ከሄድንማ መመለስ የሚችል ነገር ይዘን ነው የምንሄደው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ግቢያችን ጋራዥ ሆነ።

በመጀመሪያ ከፍ አደረጋት። የጭነት መኪና ባሌስትራ ፈልጎ በእሷው ላይ ደረበበት፤ ድንጋዩ ሆዷን እንዳይነካት ነው። አየር የምትስብበትን አፍ በውሃ ቱቦ እስከ ጣራዋ አወጣው፤ ከእናቴ ቤት በፊት ወንዝ አለ፣ ስትሻገር ሞተሯ ውሃ እንዳይጠጣ ብሎ ነው። ከኋላ ደግሞ የእኛኑ የጠፍር አልጋ እግሩን ቆርጦ፣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በቆረጠው ላስቲክ ከጭነቱ ሳጥን ጎን፣ ከስፖንዳው ጋር አንጠለጠለው። «እስኪ ተኚበት» ብሎኝ ልኬን ወሰደ። ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ስጋደም ቃሬዛ መሰለኝ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም፤ እንዲያ ሲደክምልኝ ምን ብዬ?

የሚሞክራት በእንስራ ነበር። እንስራ ሙሉ ውሃ አልጋው ላይ አስሮ ወደ ከተማው ጫፍ ድንጋዩ ላይ ይነዳል። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያው ቀን ስባሪውን ይዞ ተመለሰ። የጭነት መኪና ባሌስትራ ባዶ ፒካፕ ላይ ሲሆን እንደ ፌንጣ ነው የሚያዘልላት። እንስራ ስትሰበር ሰው «እሰይ፣ ክፉ ነገር ይዛ ሄደች» ይላል። እኔ ግን ስባሪውን ሳይ የታየኝ ራሴ ነኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱም እንዳላየ ሆኖ ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ። ኋላ መላ አገኘ። ከአልጋው ሥር አሸዋ የሞሉ ጆንያዎች ደረደረ፤ ክብደት ሲጫናት ዝላዩን ተወች። ሌላዋ እንስራ ውሃዋ ጥቂት ብቻ ፈስሶ በደህና ስትመለስ ይበልጣል ልጅ የወለደ ያህል ሳቀ።

«እሺ፣ እዚያ ከደረስን በኋላስ? አድርሰኸኝ ልትመለስ ነው?» አልኩት።

«እናትሽ ደጅ አቁሜያት ተበላሸችብኝ እላለሁ። እስክትወልጂ እየፈታሁ እየገጠምኩ እከርማለሁ። ምጥ ሲይዝሽ በአልጋው አድርጌሽ እወጣለሁ።»

ጎበዝ መካኒክ ነኝ ብሎ የሚኩራራ ሰው፣ አማቱን አንድ ቃል እምቢ ከማለት በአማቱ ደጅ ሰነፍ መካኒክ መባልን መረጠ። እኔም ጥሩ መላ ነው አልኩ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ወጣን። ግንደወይን ቁርስ ብለን ሽሮ አዘዝን፤ እሱ በላ፣ እኔ ቆሎ ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። እየወረድን በሄድን መጠን ሙቀቱ ይጨምራል፣ አቧራው ጉሮሮ ይይዛል፣ ጋቢናው ውስጥ የነዳጅና የትኩስ ጎማ ሽታ ይሸታል። መኪናዋ አንድ ጎኗን አንሥታ ስታዘነብል የይበልጣልን ክንድ ጨምድጄ እይዛለሁ፤ «ልቀቂኝ መሪ ልያዝ» ይለኛል። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ይበልጣል ቱቦውን አየና አፍሮ ሳቀ። እኔ ግን ያየሁት ከዓባይ ማዶ የሚጠራቀመውን ጥቁር ደመና ነው።

እናቴ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። ደስ ብሏት ትሮጣለች ስል ፊቷ ልክ እንደኔው ነው፤ አመድ መስሏል። ሳመችን። ከዚያ ወደ መኪናዋ ኋላ ዞረችና አልጋውን አየች።

«ልጄ፣ ይህ አልጋ ለምንድን ነው?» አለችው።

ይበልጣል የመኪናዋን ጎን መታ መታ አደረገ። «እማማ፣ መኪናዋ እኮ… ትንሽ ሳትበላሽብኝ አልቀረችም።»

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ አልጋው ነው።»

ያን ጊዜ አላስቻለኝም። «እማዬ፣ ልጁ በእግሩ ነው። ሆስፒታል ውለጂ ተብያለሁ» አልኩና አነባሁት።

እናቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ይህን እያወቃችሁ ነው እሺ ያላችሁኝ?»

«እርስዎ ጠርተውን እንዴት እምቢ እንበል እማማ?» አለ ይበልጣል።

«ባልጠራ ሰው ምን ይለኛል? ጠራሁ። ግን ካንች በፊት በእግሩ የመጣ ወንድም ነበረሽ። እዚህ ቤት፣ ያ መደብ ላይ ነው የቀረው። እኔም ለጥቂት ተርፌያለሁ። መልእክቱን ከላክሁባችሁ ቀን ጀምሮ እምቢ ይበሉኝ እያልሁ ለማርያም ጥላ ተስያለሁ። ዛሬ ጠዋት እንኳ መኪና ስሰማ ምነው ሰባራ በሆነ ብያለሁ።» ነጠላዋን ጨብጣ ሁለታችንንም አየችን። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እናንተ ልጅ ልታስቀሩ ነበር፤ እኔም አብሬ።»

ወንድም እንደነበረኝ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ይበልጣል ደመናውን አየና፣ «እማማ፣ ከዘነበ ወንዙ አያሳልፈንም» አለ ቀስ ብሎ።

እናቴ ተነሣች። የገንፎውን ዱቄት፣ የቅቤውን ቅል ይዛ ወጣች፤ በሯን ለጎረቤት አደራ አለች። «ሙክቱስ?» አለ ይበልጣል። «እሱንም ጫነው» አለችው። እንዲህ ሆነን፣ እኔ አልጋው ላይ፣ እናቴ ራስጌዬ፣ ሙክቱ ግርጌዬ ሆኖ፣ አንድ ቅምሻ እህል እንኳ ሳንቀምስ ተመለስን።

ዝናቡ የደረሰብን ከወንዙ በፊት ነው። ያ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ ቡናማ ሆኖ ይጮኻል። ወገቤን የቆረጠኝም እዚያው ነው። እናቴ እጄን ያዘችና ይበልጣልን «ግባ» አለችው። ገባ። ውሃው በሩ ድረስ መጣ፤ ሞተሯ ግን በቱቦዋ እየተነፈሰች ተሻገረች። ማዶ ላይ ስንደርስ የኋላ ጎማዎቿ ጭቃው ውስጥ ተቀበሩ። ይበልጣል የአሸዋውን ጆንያ አንድ በአንድ እያወረደ ጎማ ሥር ዘረገፈው።

ከግንደወይን ገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች በዚያ ሰዓት ዳገቱን ሲወርዱ አዩን። አልጋውን ሲያዩ ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው ሸክማቸውን አወረዱ። «ማርያም ትፍታሽ» አሉኝና ገፍተው አወጡን። ግን አሸዋው ሁሉ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ መኪናዋ ጥቂት እንደሄደች መዝለል ጀመረች፤ እኔም መጮህ ጀመርኩ። ይበልጣል አቁሞ ወረደ። በዝናቡ ውስጥ ቆሞ ገበሬዎቹን ተጣራና፣ «ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ክብደት ሁኑልኝ» አላቸው።

ነገሩን ማስረዳት አላስፈለገውም። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ዕቃቸውን ለቀሩት ባልንጀሮቻቸው ሰጥተው ወጡና አሸዋው በነበረበት ቦታ ዙሪያውን ተቀመጡ። ነገሩ የሴት ነገር ስለሆነ ሁሉም ጀርባቸውን ወደ እኔ ሰጡ፤ እርጥብ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ውጭ፣ ወደ ገደሉ አዩ። እስከ ሞጣ ድረስ አንዱም ዞር ብሎ አላየኝም። ምጡ ሲያፋፍመኝ ብቻ ከጋቢው ሥር «ማርያም፣ ማርያም» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ወርደው ሄዱ። ስማቸውን ሳንጠይቅ መቅረታችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጄ በእግሯ መጣች። መጀመሪያ ድምፅ አልነበራትም። ሲስተሯ ይዛት ዞር ስትል የእናቴን ፊት አየሁት፤ ያን ፊት ዳግመኛ አያሳየኝ። ከዚያ ልጄ አለቀሰች። ለሴት ልጅ እልልታው በቁጥር ያነሰ ነው በእኛ አገር፤ እናቴ ግን መቁጠሩን ረሳችው፣ ሲስተሯ «እማማ በቃ፣ በሽተኛ አለ» እስክትላት ድረስ። ጥላውንም ዘግይታ አገባች። «እምቢ ባትሉኝም ሰምታኛለች» አለች።

ሰው የሚፈራውን ነገር ከመናገር መኪና መሥራት ይቀለዋል። ይህን ለጎረቤቴ ልጅ ብነግረው ይስቃል፤ እሱ የሚሄደው ለመዝናናት ነው። ለራሴ ግን ሰሞኑን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ያች በእግሯ የመጣችው ልጄ አግብታ ባሕር ዳር ትኖራለች፤ ዘንድሮ የመጀመሪያዋን አርግዛለች። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቶቹ ከበቡኝና «ታዲያ መቼ ነው የምትጠሪያት?» አሉኝ። ይሉኝታ እንዴት ያለ ነገር ነው፤ ያን ሁሉ አይቼም አፌ «በቅርቡ» አለ።

እቤት ገብቼ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ መቼ ልምጣ?» አለችኝ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ።

«አትምጪ። እኔ እመጣለሁ።»

መሥመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«እውነትሽን ነው እማዬ?» አለችኝ። «ሻንጣዬን አስሬ ጨርሻለሁ እኮ።»

«ፍቺው» አልኳት።